የሰገነት ባንድ ስድስት ሸክላዎች

ባለፈው ኅዳር ስድስት ኪሎ ባለው የተማሪዎች ክሊኒክ ክትባት ስንወጋ፣ ነርሷ ጥጥ በስፒሪት ነክራ ክንዴን ስትጠርገው ፊቴ ተለዋወጠ። «አይዞሽ፣ አያምም» አለችኝ። መርፌውን የፈራሁ መስሏት ነው። አልፈራሁም፤ ተናድጄ ነበር። የስፒሪት ሽታ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ከኋላዬ የተሰለፈችው የዶርም ጓደኛዬ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ ስለ ሰገነት ባንድ ነገርኳት። «እንደዚህ የሚባል ባንድ ነበር እንዴ?» አለች። ከዘፈኖቻቸው የአንዱን ዜማ አንጎራጎርኩላት። «እሱንማ አውቀዋለሁ» ብላ የዘፋኙን ስም ጠራችና ዜማውን ተቀብላኝ እስከ መጨረሻው አዜመችው። መጨረሻው ብላ ያቆመችበት ቦታ ግን መጨረሻው አይደለም። ዘፈኑ ገና እንዳላለቀ ብነግራት አላመነችኝም። ካሴቱ ቤታቸው አለ፤ ከልጅነቷ ጀምራ ሰምታዋለች። እኔም ከእሷ ጋር መከራከሩን ትቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ የምንኖረው አራዳ፣ ከውቤ በረሃ ከፍ ብሎ፣ አርመኖች ሠሩት በሚባል ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት ውስጥ ነበር። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ በኋላ ለአራት ቤተሰብ ተከፋፍሏል። እኔና እናቴ ምድር ቤት ነበርን። እናቴ ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ከእኛ በላይ ጋሽ ደምሴ ይኖሩ ነበር፤ አንድ ክፍልና ወደ መንገዱ የሚያይ አንድ ሰገነት ነበራቸው። ባንዱ ስሙን ያገኘው ከዚያ ሰገነት ነው። በንጉሡ ጊዜ ስድስት ሆነው እዚያ ላይ ይለማመዱ ነበር። የጦር ሠራዊቱም፣ የፖሊስም፣ የቴአትር ቤትም አልነበሩም። ደሞዝ የሚከፍላቸው፣ ዩኒፎርም የሚያለብሳቸው አልነበረም። የማንም ያልሆነ ባንድ ነበር። በኖረበት ዘመን ስድስት ሸክላ አወጣ፤ በእያንዳንዱ ሸክላ ላይ ሁለት ዘፈን፣ አንዱ በፊቱ፣ አንዱ በጀርባው።

ጋሽ ደምሴ የባንዱ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበሩ። እኔ ሳውቃቸው ግን አይሰሙም። ሳንባቸውን ታመው ለወራት መርፌ ሲወጉ ከርመው፣ ሳንባቸው ሲድን ጆሯቸው ቀረ። ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራሉ። «እዚያ ጆሮ አያስፈልግም፤ ብሎን አይናገርም» ይሉ ነበር። ሰው ሲያናግራቸው ከንፈሩን ያያሉ። ነገሩ ካላማራቸው ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ፤ ጠቡም በዚያው ያልቃል። የግቢው ሰው ከእሳቸው ጋር መጣላት ድካም ነው ይል ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ አቶ መርዕድ መጣ። አቶ መርዕድ ፒያሳ ውስጥ ካሴት የሚያባዛና የሚሸጥ ሰው ነው። «አቶ» የምለው ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ «መጡ» ልበል ብል ግን እጄ እምቢ ይለኛል። ጃንጥላውን ደረጃው ሥር አራግፎ ወጣ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቆሎ እበላ ነበር፤ በሩም ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ጋሽ ደምሴ፣ እነዚያ ሸክላዎች አሉ?»

«የትኞቹ?»

«የሰገነት ናቸዋ። እዚህ ከተማ ውስጥ ስድስቱንም የያዘ ሰው አላገኘሁም። ሰዉ ደግሞ ይጠይቃል። ልጁ አሁን ስም አለው።»

«ልጁ» ያለው ዘፋኙን ነው። የዘፋኙን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ በቂ ቦታ ላይ ተጽፏል። በስድስቱም ሸክላ ልባስ ላይ ያለው የእሱ ፎቶና የእሱ ስም ብቻ ነው። ከሥር በደቃቅ ፊደል «በሰገነት ባንድ አጃቢነት» ይላል፤ አራተኛው ላይማ እሱም የለም። ልጅ ሆኜ እንኳ ይህ ያበሳጨኝ ነበር። አንድ ሰው ስድስት ሰዎች አጅበውት ፎቶ ሲነሣ፣ ስድስቱ የት ሄዱ?

ጋሽ ደምሴ ሸክላዎቹን ለማዋስ እሺ አሉ። ገንዘብ አልጠየቁም። «ሁለት ነገር ብቻ ነው የምለምንህ» አሉት። «ካሴቱ ላይ ሰገነት ባንድ ተብሎ ይጻፍ። ደግሞ መሸኛዎቹ ሙሉ ይግቡ።»

«መሸኛ ምንድነው?»

«ዘፋኙ ካበቃ በኋላ እኔ የምጫወተው። እኛ ዘፈን የምንጨርሰው በአኮርዲዮን ነው። እኔ እንግዲህ ሁለተኛ ሌላ አልቀዳም፤ ከእጄ የቀረው ያ ነው። እኔ የማልሰማውን ሰው ይስማው።»

«እናቴ ትሙት፣ አንዲት ነጥብ አትቀርም» አለ አቶ መርዕድ፣ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ። ከዚያ ሸክላዎቹን ከመስጠታቸው በፊት የተጫረውና የሚዘለው እንዲለይለት ጠየቀ። ጋሽ ደምሴ ሣቁ። ይህን የሚያደርገው የሚሰማ ሰው ነው። አንገታቸውን አስግገው ወደ ደረጃው ተመለከቱ።

«ወይንሸት፣ ጆሮሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ነገ ቆሎሽን ጨርሰሽ ነይ።»

በማግስቱ ከሥራ ሲመለሱ ወጣሁ። ሸክላ የሚያጫውቱበት ራዲዮግራም ከእኔ ደረት ከፍ የሚል፣ ድምፅ ማውጫው በቡና ዓይነት ጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ሣጥን ነበር። ጋሽ ደምሴ እያንዳንዱ ሸክላ ከመዞሩ በፊት መርፌውን ስፒሪት በነካ ጥጥ ይጠርጉታል። ክፍሉ በሙሉ ስፒሪት ስፒሪት ይሸታል፤ ከሽታው ጋር የሞቀ አቧራና የእርጥብ እንጨት ሽታ አለ። እኔ ከሣጥኑ ፊት ትንሽ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። እሳቸው ከጎኔ ሆነው ሸክላውን ሳይሆን ፊቴን ያያሉ። ሲንኮሻኮሽ ወይም ሲዘል ፊቴ ላይ ያዩታል፤ «እዚህ ነው?» ይሉኛል።

የመጀመሪያው ቀን የሦስተኛው ሸክላ ልባስ አምሮኝ በእሱ እንጀምር ብያቸው ነበር።

«አይሆንም» አሉ። «በወጣበት ተራ ነው። መጀመሪያ ስንፈራ ትሰሚያለሽ፣ ከዚያ ስንደፍር ትሰሚያለሽ።»

እውነትም የመጀመሪያው ላይ ይፈራሉ። «ከበሮው የሰው ቤት በር የሚያንኳኳ ይመስላል» አልኳቸው። በጣም ሣቁ። የተቀዱት በአንድ ግሪክ መጋዘን ውስጥ፣ በአንድ ማይክሮፎን ነው። ዘፋኙ አፍንጫው ሥር ይዞት ይቆማል፤ ሌሎቹ እንደ ድምፃቸው ጉልበት ይርቃሉ። ከበሮ መቺው በር ላይ፣ ግማሽ አካሉ ውጭ ነበር። «ዝናብ እየመታው ነው የቀዳው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያንን ሸክላ ስሰማ ከበሮ መቺው የሚበርደው ይመስለኝ ነበር።

በጀርባ በኩል ያሉት ዘፈኖች የተቀጡ ይመስሉኝ ነበር። በእኛ ትምህርት ቤት ያጠፋ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል፤ እነሱም ምን አጥፍተው እንደሆነ እያሰብኩ አዝንላቸዋለሁ። ስለዚህ ጀርባውን ሁለት ጊዜ እንዲያጫውቱልኝ እለምናለሁ። ጋሽ ደምሴ ምክንያቴን አያውቁም፤ ግን ይፈቅዱልኛል። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ መርፌው ባዶውን ሲሄድ የሚያሰማውን ሽሽ የሚል ድምፅም እንደ ሰዓት እላፊ እቆጥረው ነበር፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ገብቶ መንገዱ ብቻ የቀረ ይመስለኛል።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መስማት አልችልም። እሳቸው ደግሞ ዝናቡን አይሰሙትም። «ምን ትጠብቂያለሽ?» ሲሉኝ ወደ ጣሪያው አመለክታለሁ። ያኔ ሁለታችንም እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። መሸኛ ምን እንደሆነ በደንብ የነገሩኝ ከእነዚህ ቀናት በአንዱ ነው።

«ያኔ የምንጫወተው ሰው በሚጨፍርበት ቤት ነው» አሉ። «ዘፋኙ አፉን ሲዘጋ ሙዚቃውም ቢቆም፣ ጥንዶቹ መሀል ሜዳ ላይ ተገትረው ይቀራሉ። እጇን ይልቀቀው፣ አይልቀቀው አያውቅም። ነውር ነው። ስለዚህ ሌሎቹ እየቀነሱ ይመጣሉ፣ እኔ እቀጥላለሁ። ሰዉ እየተራመደ ወንበሩ ድረስ ይደርሳል። የመጨረሻዋ ሴት ስትቀመጥ አቆማለሁ።»

«ማን ሲቀመጥ እንደሆነ በምን ያውቃሉ?»

«አያለኋ። አኮርዲዮን ተጫዋች ዓይኑ ሥራ አይፈታም።»

«እዚህ ሸክላው ላይስ? ማንም የለም እኮ።»

«ሸክላውን የሚሰማው ሰው አለ። እሱንም መሸኘት ነው።»

እኛ ቤት እንግዳ ሲሄድ እናቴ ሁልጊዜ እስከ ግቢው በር፣ ሰውየው የተከበረ ከሆነ ደግሞ እስከ አስፋልቱ ትሸኘዋለች። ስለዚህ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ከዚያ ወዲህ መሸኛዎቹን እንደ ሰው መንገድ እያየሁ ለየኋቸው። በፊት በኩል ካሉት የሁለተኛው ሸክላ አጭር ነው፤ እስከ በር ብቻ ነው። የሦስተኛው ላይ አኮርዲዮኑና ሳክስፎኑ ይነታረካሉ። ያን ጊዜ ሳክስፎን ተጫዋቹና ጋሽ ደምሴ ተኳርፈው ነበር፤ «ለሦስት ወር የተነጋገርነው ሸክላው ላይ ብቻ ነው» አሉኝ። አራተኛው ሁሉን ያስንቃል። ዘፋኙ ሲያበቃ አኮርዲዮኑ አይቸኩልም፤ ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ቸርችል እንደሚወርድ ሰው እያቆመ፣ ሱቅ እያየ፣ ሰላም እያለ ይሄዳል። እሱን ሳዳምጥ ጋሽ ደምሴ ፊቴን ከማየት ሌላ ጣቶቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ያንቀሳቅሱ ነበር። ሸክላው ሲያበቃ የእሳቸውም ጣት አብሮ ያበቃል። ፊቴን ብቻ አይተው እንዴት እንደሚያውቁት ዛሬም አይገባኝም።

አምስተኛውን ስንሰማ አንድ ነገር አገኘሁ።

«እዚህ መጀመሪያው ላይ ሰው ይስላል» አልኳቸው።

«ሸክላው ነው የሚንኮሻኮሸው።»

«አይደለም፣ ሰው ነው። አንዴ ይስላል፣ ከዚያ አኮርዲዮኑ ይገባል።»

እንደገና አጫወትነው። ሳልኩላቸው፤ ልክ እንደ ሸክላው አድርጌ፣ ጠበቅ ያለ ደረቅ ሳል። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ሣጥኑ ላይ አሳረፉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ያኔ ጀምሮኝ ነበር ማለት ነው። እኔ ብርድ ነው እል ነበር።»

እኔ ሳሉ የበሽታ ሳይሆን የምልክት ይመስለኝ ስለነበር፣ «ጥሩ ነው፣ ዘፈኑ እንዲጀመር ነው የሳሉት» አልኳቸው። «እንደዚያ ይሁን» አሉኝ።

ስድስተኛው ላይ ሁሉም መሣሪያ አንድ በአንድ ያቆማል። መጀመሪያ ሳክስፎኑ፣ ቀጥሎ ጊታሩ፣ ከበሮው፣ መጨረሻ አኮርዲዮኑ ብቻውን ይቀርና ብዙ ይቆያል። ያ ሸክላ በወጣ በጥቂት ወር ለውጡ መጣ፣ የጭፈራ ቤቶቹ ተዘጉ፣ ባንዱም ተበተነ። «አውቃችሁ ነው እንደዚህ ያበቃችሁት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የምን ማወቅ፤ ከበሮ መቺው የሚሄድበት ቸኩሎ ነው» አሉኝ።

ከስድስቱ አንድም የሚዘል አልነበረም። ነሐሴ ሲጋመስ ጋሽ ደምሴ በጋዜጣ ጠቅልለው ራሳቸው ወስደው ሰጡ። ሸክላዎቹ በሳምንቱ ተመለሱ፤ ይህን አልክድም። ካሴቱ ደግሞ ለዘመን መለወጫ ወጣ። አንዱን የሱቁ ልጅ ለጋሽ ደምሴ አመጣላቸው። እሳቸውም ሳይከፍቱት ይዘውት ወደ እኛ ቤት ወረዱ፤ የካሴት ማጫወቻ ያለው እናቴ ጋ ነው።

ልባሱ ላይ ዘፋኙ በነጭ ሱፍ ይስቃል። «የማይረሱ ዘፈኖች» ይላል። ገለበጥኩት። ሰገነት የሚል የትም የለም። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉና፣ «ውስጡ ይበልጣል፤ አጫውቺው» አሉኝ።

የእናቴ ማጫወቻ ትንሽ ስለሆነች እንደ ራዲዮግራሙ በእጅ ቢነኳት ንዝረት የላትም። ስለዚህ እጄን ያዙ። «ዘፈኑ እስካለ ድረስ አትልቀቂኝ። ሲያልቅ ልቀቂ።»

የመጀመሪያው ዘፈን ጀመረ። የእጃቸው መዳፍ ሞቃትና ደረቅ ነበር። ዘፋኙ የመጨረሻዋን ቃል ስቦ አበቃ፤ አኮርዲዮኑ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። ከዚያ ድምፁ ሰው አፉ ላይ እጅ እንደጫኑበት ሆኖ ወረደና ጠፋ። እጃቸውን ለቀቅኩ።

«ገና ነው» አሉኝ።

«አልቋል።»

«ገና እኮ ነው። መሸኛው አለ።»

«መሸኛው የለም፣ ጋሽ ደምሴ።»

ካሴቱ የስድስቱን ሸክላዎች የፊት ዘፈኖች በተራ አስቀድሞ፣ የጀርባዎቹን ወደ ኋላ አድርጓቸዋል፤ ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛው ላይ ክርክሩ ገና አንዱ ሳይመልስ ተቆረጠ። አራተኛው ላይ ሰውየው ከፒያሳ እንኳ አልተነሣም። አምስተኛው ሲጀምር ሳሉ በደንብ ይሰማል። ሳላቸውን ሳይነካ ትቶ መሸኛቸውን ቆርጦባቸዋል።

«የካሴቱ ክር አንሶት ይሆናል» አለች እናቴ፣ ነገሩን ለማብረድ።

ግን አላነሰውም ነበር። ከዐሥራ ሁለቱ ዘፈኖች በኋላ ሌሎች አራት ዘፈኖች መጡ፤ ዘፋኙ በቅርቡ ከሌላ ባንድ ጋር የተጫወታቸው። የመሸኛዎቹን ቦታ የያዙት እነሱ ናቸው። ይህንንም ፊቴን ወደ ጋሽ ደምሴ አዙሬ፣ ቃሉን ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። እናቴ በእግሯ ነካችኝ፤ ቢሆንም ጨረስኩት።

በማግስቱ አብሬያቸው ወደ ሱቁ ሄድኩ። አቶ መርዕድ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ ሳማቸው። «ማኪያቶ ይምጣላቸው» አለ።

«ማኪያቶ አልፈልግም። መሸኛዎቹስ?»

«ጋሽ ደምሴ፣ ሰው የሚገዛው ድምፅ ነው። ዘፋኙ ሲያበቃ ዘፈኑ አለቀ። ንግዱ እንደዚያ ነው፣ እኔ አላመጣሁት።»

«አራቱን ዘፈኖችስ ማን አመጣቸው?»

አቶ መርዕድ ወደ በሩ አየ። «ሌላም አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ቃል የሌለው ነገር ለሳንሱር ፈቃድ አይመችም። ይሄ ደግሞ ምን ለማለት ነው ቢሉኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

«ስማችንስ? እሱም ቃል የለውም?»

«ማተሚያ ቤቱ ዘሎት ነው።»

ይህን ብሎ ጺሙን እንደሚጠርግ ሰው መዳፉን አፉ ላይ አደረገና ወደ እኔ ዞረ። ጋሽ ደምሴ ከንፈሩን እንዳያዩ ነው። «አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?» አለኝ ከመዳፉ ሥር። «የማይሰማ ሰው ምን ይቀርበታል? ዝም ብትዪ ደስ ብሏቸው ይኖሩ ነበር።»

ብዙ ትልልቅ ሰዎች ሲዋሹ አይቻለሁ። አንድ ሰው ሌላው እንዳይሰማ አፉን ሲሸፍን ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ጋሽ ደምሴ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «ምን አለ?» አሉኝ። ቀና ብዬ፣ ሰውየው እያየኝ፣ ቃል በቃል ነገርኳቸው። አቶ መርዕድ እጁን ከአፉ አወረደ። ጋሽ ደምሴ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን አዞሩና ወጣን።

እኔ ግን የፈቃዱን ነገር አምኜው ነበር። አኮርዲዮኑ የሆነ ክፉ ነገር ተናግሮ ይሆናል ብዬ፣ ቤት እንደደረስን መሸኛዎቹን ጆሮዬን ጨርቁ ላይ ለጥፌ አንድ በአንድ መረመርኳቸው።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

«የሚያስቆጣውን።»

«አትድከሚ። እግርዎ ደክሟል፣ ቁጭ ይበሉ ነው የሚለው።»

እናቴ በዚያ ሳምንት በጣም ፈርታ ነበር። አቶ መርዕድ ለቀበሌው ስብሰባ የድምፅ ማጉያ የሚያውስ ሰው ነው፤ የጋሽ ደምሴ ቤት ደግሞ የቀበሌ ነው። «ወይኑ፣ የሰው ነገር ውስጥ አትግቢ» አለችኝ። «አንድ ሰው ብቻውን ፎቅ ይዟል ብሎ አንድ ቃል ቢጥልባቸው ቤቱን ለሌላ ይሰጡታል።»

«እሳቸው ምን አጠፉ?»

«አላጠፉም። ለዚያ ነው ዝም የምንለው።»

ይህ አነጋገሯ ያኔም አልገባኝም፣ አሁንም አልገባኝም። ግቢው ውስጥ ሁሉም አዘነ፣ ሁሉም «ሰውየው በደለኛ ነው» አለ፤ ካሴቱን ግን ሁሉም ገዛ። ከየበሩ ያው የተቆረጠ ዘፈን ይሰማል። ጋሽ ደምሴ በመሀሉ ደረጃውን ሲወርዱ ሰዎች ድምፁን እንኳ አይቀንሱም። ምን ያደርጋል፣ አይሰሙም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደምሴ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ አኮርዲዮናቸውን በሣጥኑ ይዘው ወረዱ። እኔ ሳውቃቸው ያ ሣጥን ከአልጋ ሥር ወጥቶ አያውቅም ነበር። እናቴ በራችን ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። አየቻቸው፣ እኔንም አየችኝ። «እኔ ምንም አላየሁም» አለችና ትንሹን በርጩማችንን አቀበለችኝ።

የአቶ መርዕድ ሱቅ በሩ ላይ ትልቅ ድምፅ ማውጫ ሰቅሎ፣ የሚሸጠውን ካሴት ቀኑን ሙሉ ለመንገደኛው ያሰማል። ያን ቀን የሚያሰማው የእነ ጋሽ ደምሴን ነበር። በርጩማውን ከሱቁ ደጃፍ ጎን፣ ሊስትሮዎቹ በሚቀመጡበት ጥግ አስቀመጥኩ። ጋሽ ደምሴ ተቀምጠው አኮርዲዮኑን ደረታቸው ላይ አሰሩ።

«ዘፋኙ ሲያበቃ ትከሻዬን ንኪኝ» አሉኝ። «የሚቀጥለው ሲጀምር ደግሞ ንኪኝና አቆማለሁ። በሌላው ላይ መጫወት ባለጌነት ነው።»

ሲጀመር ወረፋው የመጀመሪያው ዘፈን ነበር። ዘፋኙ አበቃ፣ ድምፁ ወረደ፤ ነካኋቸው። አኮርዲዮኑ ተከፈተ። ለዓመታት ያልተነካ ስለሆነ መጀመሪያ አቃሰተ፤ ከዚያ ግን መሸኛው ያው ነበር፣ ሸክላው ላይ የማውቀው። ገና ሦስት አራት እርምጃ ሳይሄድ ሁለተኛው ዘፈን ጀመረ። ነካኋቸው፤ አቆሙ።

«እንዲህ ቶሎ?» አሉኝ።

«እንዲህ ቶሎ ነው።»

አንድ ሊስትሮ ብሩሹን ሣጥኑ ላይ እየመታ፣ «ጋሼ፣ ካሴቱ አቅም አጥሮት ነው ወይስ እርስዎ ቀሪውን ይዘውበት ጠፍተው ነው?» አለ። ሰው ሣቀ። ከማዶ የሚያልፉትም ቆሙ። ሁለተኛው ሲያበቃ ነካሁ፣ ጀመሩ፣ ሦስተኛው ገባ፣ ነካሁ፣ አቆሙ። ሦስተኛውም እንደዚያው። አሁን ሰዉ አልሣቀም፤ ዘፈኑ በተቆረጠ ቁጥር ሁሉም ወደ ጥጉ ይዞራል። አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴትዮ፣ «እንዴ፣ ይሄ ለካ ቀሪ አለው» አለች ለባሏ።

አቶ መርዕድ በሩ ላይ ወጣ። «ጋሽ ደምሴ፣ ይግቡ እንጂ፣ ለምን ውጭ ይቀመጣሉ?» አለ እየሣቀ። ጋሽ ደምሴ ወደ እሱ አላዩም፤ የሚያዩት የቆመውን ሰው እግር ነበር።

አራተኛው ዘፈን ደረሰ። ዘፋኙ አበቃ። ነካኋቸው።

ሸክላው ላይ እንዳልቸኮሉት አሁንም አልቸኮሉም። አኮርዲዮኑ መውረድ ጀመረ፤ አቆመ፣ ሱቅ አየ፣ ሰላም አለ። ሴትዮዋ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። በዚህ መካከል ከራሳችን በላይ አምስተኛው ዘፈን ጀመረ፣ በወጣቱ ደምሴ አኮርዲዮን። ሁለቱ አኮርዲዮኖች እላይና እታች ተጋጩ። አያምርም ነበር፤ አንድ ሰው ጆሮውን ያዘ። አቶ መርዕድ ወደ ውስጥ ገብቶ ድምፁን ከፍ አደረገው። ጋሽ ደምሴ አልሰሙም። ዓይናቸው የሰዉ እግር ላይ ነው፤ ገና ማንም አልተቀመጠም።

አቶ መርዕድ ተመልሶ ወጣ። ወደ እሱ ካላዩ ሊናገራቸው እንደማይችል ገባው። ወደ እኔ ዞረና በራሱ ትከሻ ላይ በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ ንኪያቸው ማለቱ ነው።

እጄን ሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።